ጭንቅላት ወሬውን እስኪሰማ

የሲስተር አስካለን ሞት የነገሩኝ፣ ይነግሩኛል ብዬ ጨርሶ ያልጠበቅኳቸው ሰው ናቸው። ሸዋ ሮቢት ገበያ፣ ሽንኩርት ተራ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስመርጥ አንድ የከሳ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ቀና ስል እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ የሐጂ እንድሪስ ባለቤት። እርጅና አጉብጧቸዋል፤ ዓይናቸው ግን የጥንቱ ነው፤ ሰው ላይ ካረፈ ቶሎ አይነሳም።

«ዶክተር፣ ያች ሲስተር ሞተች አሉ። ሰምተሃል?»

ዶክተር አይደለሁም። ቁስል ሳጥብና መርፌ ስወጋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ድሬሰር ነኝ። ሮቢት ግን ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ይላል፤ የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ሳይቀር ዶክተር ተብሎ ነው የኖረው። እኔም መከራከሩን ከተውኩ ቆየሁ።

«የቷ ሲስተር?» አልኩ፣ የቷ እንደሆነች እያወቅኩ።

«የኛዋ ናታ! አስካለ። የልጅ ልጄ ሽንኩርት ጭኖ ደብረ ብርሃን ወጥቶ ነው የሰማው። ተቀብራለች፣ አልቋል።»

ይህን ብለው ክንዴን አልለቀቁም። በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ለሲስተር አስካለ የሚያለቅሱ ሰዎች እነማን ናቸው ብባል እትዬ ዘይነባን መጨረሻ ላይም አልጠራቸውም ነበር። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ደርግ ጊዜ መመለሴ ነው።

ሲስተር አስካለ የደጋ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ተወልዳ፣ ነርስነት ተምራ፣ ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ስትመደብ የሮቢት ሙቀት ሊያሳብዳት ደርሶ ነበር። አልጋዋን በረንዳ አውጥታ፣ አንሶላ ውሃ እየነከረች ትለብስ ነበር። ዓመት ሳይሞላት ግን ጥሬ ማንጎ በሚጥሚጣ ስትበላ ላያት ሰው ቆላው ጀውሃ ተወልዳ ያደገች ነበር የምትመስለው። ረጅም፣ ደረቅ ያለች ሴት ነበረች። ጫማዋ ሸራ፣ ሰዓቷ የወንድ። ስታወራ ትቸኩላለች፣ ስትራመድ ግን አትቸኩልም። ፍየል የበሽተኞቹ ክፍል ከገባ ያንኑ ሸራ ጫማ አውልቃ ትወረውረዋለች፤ ስታ አይቼ አላውቅም።

አንድ ልማድ ነበራት። ተኝቶ የነበረ በሽተኛ ብድግ ብሎ ከአልጋ እንዲወርድ አትፈቅድም። ደረቱ ላይ እጇን ታሳርፍና፣ «ቀስ! መጀመሪያ ተቀመጥ። እግርህን አንጠልጥል። ጭንቅላትህ ወሬውን ይስማ» ትለዋለች።

«የምን ወሬ?» ይላል ሰውዬው ግራ ገብቶት።

«ልትነሳ ነው የሚል ወሬ ነዋ። ስትቆም ደምህ ቁልቁል ወደ እግርህ ይወርዳል። ላይ ያለው ጭንቅላትህ ሳይሰማና ሳይዘጋጅ ከተነሳህ ወለሉን ስመህ ነው የምትመለስ።»

እኛ ድሬሰሮቹ እንስቅባት ነበር። ሻይ ቤት ተቀምጠን አንዳችን በችኮላ ከተነሳን ሌሎቻችን «ኧረ ጭንቅላትህ ወሬውን ይስማ!» እያልን እንቀላለዳለን። እሷም ትሰማለች፤ አይከፋትም። «ሳቁ፤ ስትወድቁ እኔው ነኝ የማነሳችሁ» ትለናለች።

ስለ ጭንቅላት ስታወራ ስለ አንድ ኩሩ ዘመዷ የምታወራ ነው የሚመስለው። «ልብ ብዙ ደም ቢልክለትም ትንሽ ቢልክለትም፣ እሱ የሚቀበለው ልኩን ብቻ ነው» ትላለች። ግፊቱ ከፍ ሲል የራሱን የደም ሥሮች ያጠባል፣ ዝቅ ሲል ያሰፋቸዋል፤ ታች የፈለገው ቢሆን እሱ ዘንድ የሚደርሰው ያው ነው። «ሆድህ ይለምናል፣ እግርህ ይለምናል። ጭንቅላት አይለምንም፤ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል። ግን ጊዜ ስጠው፤ የሚጠላው ድንገተኛ ነገር ነው።»

ከጓድ በለጠ ጋር የተቃቃረችውም በዚሁ ነገር ነው። ጓድ በለጠ የእኛ አካባቢ ካድሬ ነበር፤ ንግግር የሚወድ፣ ይልቁንም የራሱን ንግግር የሚወድ ሰው። አንድ ዓመት የሠራተኞች ቀን ሲከበር ሚሊሻዎቹን ጸሐይ ላይ ደርድሮ ንግግሩን ለቀቀው። ጸሐዩ አናት ይበሳል። ንግግሩ ማለቂያ ሲያጣ አንዱ ሚሊሻ ጠብመንጃውን እንዳቀፈ ተዘረረ። ጓደኞቹ ብብቱን ይዘው ሊያቆሙት ሲታገሉ ሲስተር አስካለ ሰልፉን ሰንጥቃ መጣች። ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ልቀቁት! ይተኛ!»

«ጓዲት፣ ሰልፍ ላይ አይተኛም። ይነሳ!» አለ ጓድ በለጠ በድምፅ ማጉያው።

«እኮ ማን አስተኛውና! ቆሞ ደም ሲያጣ ጭንቅላቱ ራሱ ነው የጣለው፣ ተኝቶ እንዲያገኝ። እናንተ ደግሞ መልሳችሁ ልታቆሙት!»

እግሩን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ነገር ፈለገችና የድምፅ ማጉያውን ሳጥን ጎትታ ከእግሩ ሥር አስገባች። ሽቦው ተነቀለ። ንግግሩ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሚሊሻው ዓይኑን ገልጦ ዙሪያውን ሲያይ ሕዝቡ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ። ጓድ በለጠ ግን አልሳቀም፤ ያቺን ሳቅ እንደቋጠራት ያወቅነው ኋላ ነው።

ሐጂ እንድሪስ ወደ ጤና ጣቢያችን የመጡት በተከታዩ ዓመት፣ ከረመዳን በፊት ባለው ሙቀት ነው። የሮቢ ወንዝ የመስኖ ውሃ አባት ነበሩ። ውሃው ዛሬ ለማን፣ ነገ ለማን እንደሚሄድ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እዚህ አገር ሰው በውሃ ተራ ይጋደላል፤ እሳቸው ግን ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በቦዩ ዳር ሲሄዱ ነገሩ ሁሉ ይበርዳል። በበቅሎ ነበር የመጡት። እትዬ ዘይነባ በእግራቸው ከጎናቸው፣ የዋግምቱን ቀንድ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ራሱን እየፈለጠው ነው» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ደም ብዛት ነው። በዚህ ቀንድ ከማጅራቱ ትንሽ ደም ላወጣለት ነበር፤ እሱ ነው መጀመሪያ ሲስተሯ ትየኝ ያለ።»

ክንዳቸውን አስሬ ግፊታቸውን ስለካ በድንጋጤ ደገምኩት። እንዲህ ያለ ቁጥር ሊሞት የተቃረበ ሰው ላይ እንጂ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ላይ አይቼ አላውቅም። «ሲስተር፣ መርፌ ልውጋና አሁኑኑ እናውርደው» አልኳት።

«ልታድን የፈለግከው ቁጥሩን ነው ሰውዬውን?» አለችኝ። በርጩማ ስባ ፊታቸው ተቀመጠች። «ሐጂ፣ ይኼ ራስ ምታት ከጀመርዎ ቆየ?»

«ኧረ ከስንት ዘመን! ስለለመድኩት ነው ዝም ያልኩ።»

«እሺ፣ ስለ ሥራዎ ልጠይቅዎ። ወንዙ ሲሞላ የማሳዎን የቦይ አፍ ምን ያደርጉታል?»

ሐጂ ሕክምናው ከቦይ ጋር ምን አገናኘው ብለው ወደ እኔ አዩ። «አጠበዋለሁ። አለበለዚያ የዘራሁትን ማሾ ጠርጎ ይወስደዋል።»

«ሲጎድልስ?»

«ጭቃውን አንስቼ አሰፋዋለሁ።»

«ጭንቅላትዎም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አሁን ግን የእርስዎ ወንዝ ስንት ዘመን ሞልቶ ኖረ። ጭንቅላትዎ የቦዩን አፍ እንዳጠበበ ኖረ። ጭቃው ምን ሆነ?»

ሐጂ አገጫቸውን ያዙ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ደረቀ! ደርቆ ድንጋይ ሆነ። ወላሂ፣ እንዲህ ያለውን በእጅ አትከፍቺውም፤ በዶማ፣ ጥቂት በጥቂት ነው።»

«እንግዲያውስ ዛሬ ወንዙን ባጎድልብዎትስ?»

«አፉ እስኪከፈት ማሳው ይደርቃል!» ብለው ወደ እትዬ ዘይነባ ዞሩ። «ሰማሽ? ውሃ አባት ናት እኮ ይቺ!»

እትዬ ዘይነባ አልሳቁም። «ታዲያ ዛሬ አይድንም?»

«ቀስ ብለው ይድናሉ» አለች ሲስተር። «ቀንዱን ግን ይተዉት፣ እባክዎ። ደም ማውጣትም ወንዙን ባንዴ ማጉደል ነው። ይመኑኝ።»

እትዬ ዘይነባ ቀንዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትንሽ አሰቡ። የእናታቸው ቀንድ ነበር፤ ስንቱን ያገሙበት። ከዚያ «እሺ፣ አምኜሻለሁ» አሉ። ሲስተር የግፊቱን ክኒን ለቀኑ ከፋፍላ ሰጠቻቸው፤ ጠዋት አንድ፣ ቀትር አንድ፣ ማታ አንድ። ሦስቱን ባንድ ላይ አይዋጡ ብላ አልነገረቻቸውም። የቀኑን ክኒን ባንድ ጉርሻ የሚውጥ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ሐጂ በየሳምንቱ እየመጡ ግፊታቸው እየወረደ ሄደ። በበቅሎ የመጡት ሰው በእግራቸው መምጣት ጀመሩ። ራስ ምታቱ ለቀቃቸው። እትዬ ዘይነባ በዘንቢል ማንጎ ይዘው መጡና ለሲስተር አስካለ እጇ ላይ አስቀመጡላት። «ቀንዱን ጣልኩት» አሏት። ሁለቱ ሲሳሳቁ አይቻለሁ፤ እንደ እናትና ልጅ ነበር የሆኑት።

ረመዳን ገባ። ሰዎች ለሐጂ፣ አንቱ እኮ በሽተኛ ነዎት፣ ለበሽተኛ ጾሙን መተው አልተከለከለም ቢሏቸው፣ «የምን በሽተኛ! ሲስተሯ አድናኛለች» አሉ። ስለዳኑ ጾሙ። ጓድ በለጠ ደግሞ ለአምራች ማኅበሩ አዲስ ቦይ ከዝናብ በፊት ካልተቆፈረ ብሎ አገሩን በሙሉ ለዘመቻ አወጣ። ጿሚውም ያልጾመውም በዚያ ጸሐይ ይቆፍራል። ሐጂን ማንም ቆፍሩ አላላቸውም፤ እሳቸው ግን ሰዎቻቸው ውሃ ጠምቷቸው ሲቆፍሩ ጥላ ሥር መቀመጥ አልሆነላቸውም። ዶማቸውን ይዘው ወረዱ።

ክኒኑንስ? ቀን አፋቸው ውስጥ ምንም አይገባም። ሲስተሯ ደግሞ በቀን ሦስት ብላለች፤ ትእዛዝ ማጉደል አይወዱም። ስለዚህ ጸሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ፣ በተምርና በውሃ ሲያፈጥሩ ሦስቱን ባንድ ላይ ዋጡት። ቀኑን ሙሉ በላብ ያለቀ ሰውነት ላይ፣ ሦስቱን ባንዴ። ከዚያ ለማታው የተራዊህ ሶላት መስጂድ ሄዱ። ግንባራቸውን ምንጣፍ ላይ ከደፉበት ሱጁድ ቀና ብለው ሲቆሙ ወደቁ።

ሲያመጧቸው ሲስተር አስካለም እኔም ጤና ጣቢያው ነበርን። ቀኝ ጎናቸው ዝሏል፣ አፋቸው ዞሯል፣ ሊናገሩ ይሞክራሉ፣ ድምፅ እንጂ ቃል አይወጣም። ግፊታቸውን ለካሁ። የጎረምሳ ግፊት ነው! ሌላ ሰው ላይ ባየው ደስ የሚለኝ ቁጥር ነው። ለሲስተር ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። የአልጋውን ራስጌ ዝቅ አድርጋ፣ ግሉኮስ ሰክታ፣ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ እትዬ ዘይነባ ዞረች።

«ክኒኑን እንዴት ነበር የሚውጡት?»

እትዬ ዘይነባ ነገሯት። ሲስተር አስካለ ዓይኗን ጨፈነች። ጾሙን፣ ቁፋሮውን፣ ክኒኑን በልቧ ስታገጣጥም ይታየኝ ነበር። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ ማንም ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር።

«እትዬ ዘይነባ» አለች፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ጾም እንደሚገባ እያወቅኩ፣ በጾም እንዴት ይውጡታል ብዬ አልጠየቅኩም። ቀስ እንበል እያልኩ እኔው ነኝ ባንዴ ያወረድኩባቸው።»

እትዬ ዘይነባ ባላቸውን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ቀንዴን አስጣልሽኝ» አሉ። «አምኜሽ ጣልኩት።»

«አዎ።»

«አላህ ይቅር ይበልሽ። እኔ ግን እዚያ ገና አልደረስኩም።»

ዞረው ባላቸው እግርጌ ተቀመጡ። ሐጂ ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ግን አልተመለሱም።

ወሬው ጓድ በለጠ ዘንድ ሲደርስ ደስ ያለው መሰለኝ። ሲስተር አስካለን አስጠራትና ምን እንድትል እንደሚፈልግ በግልጽ ነገራት። ሐጂን የጣላቸው ጾሙ ነው፤ እሷ በስብሰባ ላይ ይህን በሳይንስ ታስረዳለች፤ ከዚያ ቁፋሮ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ በግድ ውሃ ይጠጣል። ይህን ካለች እሷን የሚጠይቃት የለም።

ወደ ስብሰባው አዳራሽ አብረን ስንሄድ፣ «ነገሩ ግማሹ እውነት ነው» አለችኝ። «እሱ ነው ያስቸገረኝ። ውሸት ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

«ታዲያ ግማሹን ተናገሪና ገላግዪን» አልኳት። ፈርቼላት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሰው እንዴት እንደሚጠፋ የማያውቅ የለም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ገበሬዎቹ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ከቁፋሮው አቧራ ጋር ነው የመጡት። እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠዋል። ጓድ በለጠ ስለ ኋላ ቀር ልማድ ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ፣ «ሲስተር አስካለ፣ ሐጂ እንድሪስን ምን እንደጣላቸው ለሰፊው ሕዝብ ግለጪ» አላት።

ተነሳች። በሽተኞቿን ስታስነሳ እንደኖረችው ቀስ ብላ ነው የተነሳችው፤ መጀመሪያ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቀረብ ብላ ተቀመጠች፣ ከዚያ ቆመች።

«ጾሙ አይደለም» አለች። «ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጾመዋል። ክኒኑን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በጾም መቼ እንደሚዋጥ ሳልጠይቅ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ግለ ሂሴ ይህ ነው። በጾም ወራት ጸሐይ ላይ ያስቆፈረ ሰው ካለ ደግሞ የራሱን ግለ ሂስ እሱ ያድርግ።»

ገበሬዎቹ ወደ ጓድ በለጠ ዞሩ። ጓድ በለጠ አንገቱ ቀላ።

«ስለዚህ ሆነ ብለሽ አምራች ገበሬ ሽባ አድርገሻል ማለት ነው! አሻጥረኛ ነሽ!»

«ማጥፋትና ማሻጠር ለየቅል ናቸው፣ ጓድ። እኔ አጥፍቻለሁ።»

ሴቶቹ ወደተቀመጡበት አየሁ። እትዬ ዘይነባ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም ነበር። ምን እንዳሰቡ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም።

ጤና ጣቢያው ድረስ መጥተው ወሰዷት። ሊወስዷት ከመጡት አንዱ ያ ሰልፍ ላይ የወደቀው ሚሊሻ ነበር። ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ሲስተር፣ ጊዜ አለን፤ አይቸኩሉ» ይላት ነበር። ቁፋሮው ላይ ግን ማንም በግድ ውሃ አልጠጣም። ጓድ በለጠ ያንን ትእዛዝ የሚያወጣበትን አፍ አጣ።

ክረምቱን ሙሉ አስረው ለቀቋት። ከስታ፣ ፀጉሯ ሸብቶ ወጣች። ወደ እኛ ጤና ጣቢያ አልመለሷትም፤ ቅጣት ነው ብለው ማጀቴ ክሊኒክ ጣሏት። ያን ጊዜ ማጀቴ ድረስ የሚሄድ መኪና ማግኘት ራሱ ቅጣት ነው። እሷ ግን የእረፍት ቀኗ ሲደርስ የጭነት መኪና ላይ ወጥታ፣ ከዚያ ሁሉ አቧራ ጋር ወደ ሮቢት ትወርዳለች። ወዴት? ሐጂ እንድሪስ ቤት።

መጀመሪያ ቀን አብሬያት ሄድኩ። እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆመው አዩን። ግቡም አላሉን፣ ሂዱም አላሉን። በርጩማ አውጥተው ደጅ አስቀመጡ። ሐጂን ልጆቻቸው ደግፈው ወደ ደጅ አወጧቸው። ሲስተር አስካለ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና የሞተውን ቀኝ እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቹን አንድ በአንድ ትዘረጋቸው ጀመር። «የሽባ እጅ ካልፈቱት ይጨበጥና እንዲያው ይቀራል» አለችኝ። ሐጂ ያይዋታል። መናገር ስለማይችሉ በደህናው ግራ እጃቸው አየሩ ላይ ጭቃ የሚያነሱ ይመስል ጥቂት በጥቂት ጫር ጫር አደረጉ፤ የቦዩን አፍ መክፈታቸው ነው። እሷ አንገቷን ደፋች። ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንዲህ ነው ዓመታት የሄዱት። ትመጣለች፣ በርጩማው ይወጣላታል፣ ጣቶቹን ትፈታለች፣ ትሄዳለች። እትዬ ዘይነባ አያናግሯትም። ውሃ ይሰጧታል፤ በቆርቆሮ ጣሳ ሞልተው አጠገቧ መሬት ላይ ያስቀምጡላታል፣ እጇ ላይ አይሰጧትም። አንድ ቀን ንድድ ብሎኝ፣ «ይህችን ሴትዮ ምን ያህል ትለምኛለሽ?» አልኳት።

«አልለመንኳቸውም» አለችኝ። «አልደረስኩም ነው ያሉኝ። አልደርስም አላሉም። የሰው ልብም እንደዚያው ነው፤ ባንዴ ካወረድከው ይጎዳል።»

ሐጂ ደርግ ሊወድቅ ሲል ሞቱ። ሲስተር አስካለ ለቅሶ መጥታ ከሩቅ ቆማ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ምክንያት ስላልነበራት አልመጣችም። መንግሥት ሲለወጥ ደብረ ብርሃን ተዛወረች፣ እዚያው ጡረታ ወጣች፣ አልፎ አልፎ በስልክ እንገናኝ ነበር። ሁልጊዜ ከመዝጋቷ በፊት፣ «እትዬ ዘይነባ ደህና ናቸው?» ትለኝ ነበር። ደህና ናቸው እላታለሁ። ሌላ አትጠይቅም፤ እኔም የምነግራት ሌላ አልነበረኝም።

እንግዲህ ሽንኩርት ተራ ውስጥ ክንዴን ይዘው የቆሙት እኚህ ሴት ናቸው።

«እትዬ ዘይነባ» አልኳቸው፣ «አዘኑ እንዴ?»

«ሐጂ የሞተ ዕለት እኔ ነኝ ያጠብኩት» አሉኝ። ድምፃቸው ከገበያው ጫጫታ በታች ነበር። «የሽባ ሰው እጅ አይተህ ታውቃለህ፤ ይጨበጣል፣ ሲሞት አይፈታም። የአጎቴን በግድ ነው የፈታነው። የሐጂን ቀኝ እጅ ይዤ ሳብ ሳደርገው፣ ዶክተር፣ ወላሂ እንደ ሕፃን እጅ ተዘረጋ። በመዳፉ ላይ ውሃ አፈሰስኩ። ያኔ ደረስኩ። እዚያው ላይ ደረስኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

«እፍረት ነው። ዛሬ፣ ነገ፣ ለኢድ፣ ለሚቀጥለው ኢድ እያልኩ። እሷ እንደሁ አትሞትም ብዬ ነው መሰለኝ።» ክንዴን ነቅነቅ አደረጉኝ። «አንተ ክርስቲያን ነህ፤ መቃብሯ ትሄዳለህ። ዘይነባ ደርሳለች በልልኝ።»

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወጣሁ። መኪናው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደጋው ሲጀምር ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ፤ ጆሮዬ ተደፈነ። እኔም ዛሬ ባለ ግፊት ነኝ፤ የማላውቀው ክኒን የለም። ደብረ ብርሃን ወርጄ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ስወጣ ልቤ ከበሮ ትመታ ነበር። የመቃብሯ አፈር ገና አልደረቀም። ቸኩዬ ልናገረው ነበር፤ ዳገቱን ሙሉ እየደገምኩት ነው የወጣሁት። ከዚያ እሷው ያስተማረችኝ ትዝ አለኝና አጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ መጀመሪያ ተቀመጥኩ። ትንፋሼ እስኪመለስ ቆየሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ፣ «ሲስተር» አልኳት፣ «እትዬ ዘይነባ ደርሰዋል።»